ያው ዝናብ፦ ከነቀምቴ እስከ ፒራሚዶቹ

የግብጽ ጉብኝት ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። ስምንት ቀን፣ ሰባት ሌሊት፤ ካይሮ ላይ ፒራሚድ፣ ሉክሶር ላይ ቤተ መቅደስ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ አስዋን፣ በመጨረሻ ግመልና አሸዋ። ዋጋው ከታች በዶላር ተጽፏል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ዋጋው ላይ ስደርስ ግን ዘጋሁት።

ዛሬ እንሄዳለን። አስጎብኚያችሁ እኔ ነኝ፣ ክፍያ የለም። ከሌሎቹ ጉብኝቶች የምንለየው በአንድ ነገር ነው፤ የምንነሳው ከካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ከነቀምቴ ነው፤ የምንሄደውም ውሃ በሚሄድበት መንገድ ነው። (ዓመቶቹን የምጠራው፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህን ጉዞ እንዳስብ ያደረገኝ ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ነቀምቴ ላይ ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች አውርቼ ስጨርስ አንድ ተማሪ ቀረብ አለና «መምህር፣ ግብጾች ያን ሁሉ ሲሠሩ እኛ ምን እየሠራን ነበር? እኛ ጋ እኮ ምንም የለም» አለኝ። እኔም ቸኩዬ አክሱምን፣ ላሊበላን ጠራሁለት። «እሱማ ሰሜን ነው» አለኝና ሄደ። ልጁ ልክ ነበር። የጠየቀኝ ስለ ወለጋ ነው፣ እኔ የመለስኩለት ስለ ሌላ አገር ነው። ይህ ጽሑፍ ያኔ መመለስ የነበረብኝ መልስ ነው፤ ዘግይቷል፣ ግን ይድረሰው።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ብዙም አይከብድም፤ ስለዚህ እንዲህ አስቡት፦ ዓመቱን ሙሉ የወረደው ዝናብ ሳይፈስ፣ ሳይሰርግ፣ ሳይተን ባለበት ቢጠራቀም ረጅም ሰው ቆሞ ያሰጥመዋል። አስዋን ላይ ደግሞ የዓመቱ ዝናብ አምስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዝናብ ሳያዩ ብዙ ዓመት የሚያልፋቸው ልጆች አሉ። ይህን ልዩነት በኪሳችሁ ያዙልኝ፤ መንገዱን በሙሉ እንፈልገዋለን።

በሐምሌ ወር ነቀምቴ ላይ ጣሪያ የሚደበድበው ዝናብ ወዴት ይሄዳል? በየቦዩ ወርዶ፣ በየጅረቱ ተሰብስቦ ወደ ዲዴሳና ወደ አንገር ይገባል። አንገር ራሱ ዲዴሳን ይቀላቀላል። ዲዴሳን ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ በደሌ ስትሄዱ በድልድይ ተሻግራችሁት ይሆናል። በበጋ የጠራ፣ የተረጋጋ ወንዝ ነው። በክረምት ግን የሻይ በወተት መልክ ይይዛል፤ ያ ቀለም አፈር ነው፤ የእርሻ አፈር። ዲዴሳ ከዓባይ ገባሮች ሁሉ ብዙ ውሃ የሚሰጠው ነው። ከእሱ በስተ ምዕራብ ዳቡስ አለ፤ እሱም ወደ ዓባይ።

ደምቢ ዶሎ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የተለየ ነገር አላችሁ። የእናንተ ውሃ በብርብር በኩል ወደ ባሮ፣ ከባሮ ወደ ሶባት፣ ከሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል። በደቡብ ሱዳን ረግረግና ሜዳ በኩል ዞሮ ካርቱም ላይ ሲደርስ የነቀምቴን ውሃ ያገኘዋል። አንድ ቀን የዘነበ የሁለት ወለጋ ከተሞች ዝናብ፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ዞሮ፣ ካርቱም ላይ የሚገናኝበት ዕድል አለ። ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል፤ ለሳይንስ የሚጠቅም ነገር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ በዓባይ፣ በተከዜ (ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል) እና በባሮ በኩል። ወለጋ ብቻ አይደለም፤ ጎጃምም፣ ሸዋም፣ ጅማም አለበት። ዛሬ የዓባይ ውሃ መጀመሪያ የሚያርፈው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ነው። እኛ ግን ግድብ ወዳልነበረበት ዘመን ነው የምንሄደው።

ከካርቱም በስተ ሰሜን በረሃው ይጀምራል። በእውነተኛ እግር መሄድ ቢቻል ኖሮ እዚህ ጋ ሁለት ቀን እንቆይ ነበር፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን ጦርነት ላይ ስላለች በሐሳብ እንለፈው። መርዌ ላይ የኩሽ ነገሥታትና ንግሥታት የተቀበሩባቸው፣ ቀጭንና ሹል የሆኑ ፒራሚዶች በአሸዋው መካከል ቆመዋል። ብዙ ሰው ፒራሚድ ሲባል ግብጽን ብቻ ያስባል፤ በቁጥር ከሆነ ሱዳን ከግብጽ ትበልጣለች። ከዚያ ወንዙ በትልቅ ጥምዝ ዞሮ፣ ፏፏቴዎቹን እየዘለለ፣ ግራና ቀኙ ምንም በሌለበት ምድር ውስጥ ብቻውን ይሄዳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከአትባራ በኋላ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ገባር የለውም። የሚያገኘው የለም፤ ለበረሃው ፀሐይ እየገበረ ብቻ ይጓዛል።

አቡ ሲምበል ደረስን። ከ1279 እስከ 1213 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነገሠው ዳግማዊ ራምሴስ አራት ግዙፍ የራሱን ምስሎች ከተራራው ላይ ፈልፍሎ አስቀምጧል። ሃያ ሜትር ገደማ ቁመት አላቸው። ጎብኚዎች ፎቶ ይነሳሉ፣ ይደነቃሉ። ብዙዎቹ ግን አንድ ነገር አያስተውሉም፤ ይህ ቤተ መቅደስ የተሠራበት ቦታ ላይ አይደለም ያለው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ ሐይቁ ሊውጠው ሆነ። ያን ጊዜ በዩኔስኮ አስተባባሪነት ብዙ አገሮች ገንዘብ አዋጡ፤ ከ1964 እስከ 1968 ቤተ መቅደሱ ከ1,000 በላይ ትልልቅ ቁራጭ ሆኖ ተቆረጠና ከነበረበት 65 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተወስዶ እንደገና ተገጣጠመ። አንዳንዱ ቁራጭ እስከ 30 ቶን ይመዝን ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉ። 3,000 ዓመት የቆመውን ድንጋይ ምን ሊያጠፋው ነበር? ውሃ። የማን ውሃ? ብዙው ከእኛ ተራሮች የወረደው። ድንጋይ እንኳ ደረቅ ቦታ ላይ ሲሆን ነው ዘላለማዊ የሚመስለው።

አስዋን ላይ፣ ኤሌፋንታይን በምትባለው ደሴት፣ ወደ ወንዙ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ግድግዳው ላይ መስመሮች ተቀርጸዋል። ናይሎሜትር ይሉታል፤ የውሃ መለኪያ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ወንዙ ማደግ ሲጀምር ሰዎች ደረጃውን እየወረዱ ውሃው ስንት መስመር እንደደረሰ ያዩ ነበር። ዝቅ ካለ ረሃብ ነው፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ቤት ይወስዳል፤ ልኩ ላይ ከሆነ መንግሥት ግብሩን ያሰላል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚበላው እህል የተንጠለጠለው 1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ እነሱ አይተውት በማያውቁት ደጋ ላይ በሚጥል ዝናብ ነው። ዝናቡን ግን አያውቁትም። ጎርፉ ሃፒ የሚባል አምላክ ነው፣ ከአስዋን አካባቢ ካለ ዋሻ ይፈልቃል ይሉ ነበር። ሄሮዶቱስ የተባለው ግሪካዊ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጥቶ ጠየቀ፣ ሐሳቦችን አነጻጸረ፣ እሱም ሳተ።

የጥንት ግብጻውያን ዓመታቸውን በሦስት ከፈሉት፦ ጎርፍ፣ ዘር፣ አጨዳ። የዓመቱም መነሻ ጎርፉ ነበር። ዓመቱ 12 ወር፣ ወሩ 30 ቀን፣ መጨረሻ ላይ አምስት ትርፍ ቀን። የት ነው የማውቀው አላችሁ? ጳጉሜን! የእኛ አቆጣጠር በእስክንድርያና በግብጽ ክርስቲያኖች በኩል የመጣ የዚያ አቆጣጠር ልጅ ነው፤ «ጳጉሜን» የሚለው ስም ራሱ «ተጨማሪ» ከሚል የግሪክ ቃል የተገኘ ነው። መስከረም 1 ቀን ቡሄ አልፎ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ ሲፈነዳ እኛ አዲስ ዓመት እንላለን። የግብጽ ኮፕቶችም በዚያው ቀን አዲስ ዓመት ይላሉ፤ በድሮው ዘመን ግን እነሱ ጋ በዚያ ሰሞን ሜዳው ሁሉ በውሃ ተሸፍኗል። እኛ ጋ ዝናቡ አበቃ ስንል እነሱ ጋ መድረሱ ነበር።

ሉክሶር ላይ ሁለት ቦታ ብቻ አሳያችኋለሁ። አስጎብኚዎች ሁሉ የሚወስዷችሁን ካርናክን ዝለሉት፤ ሰው ይበዛበታል።

የመጀመሪያው ዴር ኤል ባህሪ ነው። ከ1479 እስከ 1458 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የነገሠችው ሴቲቱ ፈርዖን ሃትሼፕሱት ገደሉን ተደግፎ የቆመ፣ ባለ ሦስት እርከን ቤተ መቅደስ አሠርታለች። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ወደ ፑንት የላከችው የመርከብ ጉዞ ተቀርጿል። ፑንት የት እንደነበረ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ በቀይ ባሕር ደቡብ፣ በዛሬዋ ኤርትራ፣ በምሥራቅ ሱዳን፣ በሰሜን ኢትዮጵያና በሶማሊያ ዙሪያ ያደርጉታል። ወለጋ ነው እያልኳችሁ አይደለም። የማሳያችሁ ግን የፑንትን ቤቶች ነው። ክብ ናቸው፣ ጣሪያቸው ሾጠጥ ያለ ነው፣ በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው ቆመዋል፣ መሰላል ተደግፎባቸዋል። የእንጨትና የሣር ቤቶች ናቸው።

ከእነዚያ ቤቶች አንዱም ዛሬ የለም። አንድ ምሰሶ፣ አንድ የሣር ጉንጉን አልቀረም። መኖራቸውን የምናውቀው ሌላ አገር ሰዎች፣ ደረቅ ምድር ላይ፣ በድንጋይ ስለቀረጿቸው ነው። ያ ግድግዳ ባይኖር «ፑንት ጋ ምንም የለም» እንል ነበር። እንደ ተማሪዬ።

ሁለተኛው ማልካታ ነው። እዚህ ቱሪስት አይበዛም፤ ምክንያቱም የሚታይ ነገር ብዙ የለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሦስተኛው አሜንሆቴፕ፣ ግብጽ እጅግ ሀብታም በነበረችበት ጊዜ፣ የኖረበት ቤተ መንግሥት ነው። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነበር። ዛሬ የቀረው በአብዛኛው መሠረቱና ከጉልበት የማይበልጥ የግድግዳ ስባሪ ነው። ይህን ያህል ሀብት ያለው ንጉሥ በጭቃ ቤት ኖረ? አዎ። ግብጾች ድንጋይን ለአማልክትና ለሙታን ነበር የሚያስቀምጡት፤ ሕያዋን፣ ንጉሡም ጭምር፣ የሚኖሩት በጭቃ ጡብ፣ በእንጨትና በሸምበቆ ነበር። ስለዚህ ጎብኚ ግብጽ ሄዶ የሚያየው ግብጾች የኖሩበትን አይደለም፤ የተቀበሩበትንና የጸለዩበትን ነው። የኖሩበትማ፣ በዚያ ሁሉ ድርቀት እንኳ፣ አብዛኛው ፈርሷል።

አሁን ወደ ጊዛ። ትልቁ ፒራሚድ፣ የኹፉ መቃብር፣ 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሲሠራ 146 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ድንጋይ ገብቶበታል። ይህን ሁሉም መጽሐፍ ይነግራችኋል። እኔ የምነግራችሁ ስለ ሜሬር ነው።

በ2013 ፈረንሳዊው ፒየር ታሌና ባልደረቦቹ በቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ጥንታዊ ወደብ፣ የፓፒረስ ቁርጥራጮች አገኙ። እስካሁን ከተገኙት ጽሑፍ ያለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ የሚቀድሙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሜሬር የሚባል የቡድን አለቃ የሥራ መዝገብ ነው። ሜሬር 40 ገደማ ሰዎች ነበሩት፤ ሥራቸው ቱራ ከሚባለው የድንጋይ ካባ ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ ጊዛ ማድረስ ነበር። ዛሬ እዚህ አደርን፣ ዛሬ ድንጋይ ጫንን፣ ዛሬ ተነሳን እያለ በየቀኑ የተጻፈ ነው። እንደ እኛ የቀን ሠራተኛ መቆጣጠሪያ በሉት። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ሥራው የተሠራው በጎርፉ ወራት ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ቦዮቹን ሲያጥለቀልቅ ጀልባው እስከ ፒራሚዱ ደጅ ድረስ ይጠጋ ነበር።

ጀልባዋን ያነሳው ውሃ የኢትዮጵያ ክረምት ነው። ከነቀምቴ እስከ ጊዛ በአየር 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዲዴሳና ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ሲያገሳ የነበረው ውሃ እዚያ ሲደርስ ዝም ብሎ ድንጋይ ይሸከም ነበር። ሠራተኞቹ የበሉት ዳቦም የበቀለው ከደጋው በመጣ ደለል ላይ ነው።

ያ ፓፒረስ ለምን ቀረ? በረሃ ውስጥ ስለተቀበረ። ሜሬር ያንኑ መዝገብ ይዞ ዲዴሳ ዳር ቢቀብረው ኖሮ የመጀመሪያው ክረምት አረጥቦት፣ ሁለተኛው አሻግቶት፣ ሦስተኛውን ምስጥ ይጨርሰው ነበር። ወለጋ ላይ ያለው አፈር የረጠበ ነው፤ ብዙው ቦታ ደግሞ ኮምጣጣ ነው፤ አጥንት እንኳ አይበረክትበትም። ከእንጨት፣ ከቆዳ፣ ከሣር የተሠራ ነገር በሰው ዕድሜ ውስጥ ያልቃል። እንግዲህ ለተማሪዬ መንገር የነበረብኝ ይህን ነው፤ ግብጽን ያበላው ዝናብ የወለጋን ማስረጃ የበላው ዝናብ ነው። ሁለት ዝናብ የለም።

ታዲያ ምንም አልተረፈም? የማይበሰብሰው ተርፏል። በድሮው ወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በአሶሳ አካባቢ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ካባ እና ቤል ቁርቁሙ በሚባሉ የዓለት መጠለያዎች ቆፍረው የኋለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎችና የሸክላ ስባሪዎች አግኝተዋል። ሰው ነበር ማለት ነው፤ ይኖር፣ ያበስል፣ ይቀርጽ ነበር። የለበሰው፣ የተኛበት፣ የዘፈነበት ነው የጠፋው። ከዚህ ሌላ የማይበሰብስ ነገር ደግሞ አለ፦ ወርቅ። ወደ ቤታችን የሚመልሰን መንገድ እሱ ነው።

የቱታንካሙን የውስጠኛው የሬሳ ሣጥን 110 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ወርቅ ነው። ያ ወርቅ ከወለጋ ነው እንዳልላችሁ፤ ፈርዖኖቹ ወርቃቸውን ያወጡ የነበረው ከራሳቸው ምሥራቃዊ በረሃና ከኑቢያ ነው። ግን ወርቅ ፈላጊ ሁሉ ቀስ በቀስ ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ይመጣል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ወርቅ ሊያመጡ ስለሚልካቸው ሰዎች ጻፈ። ከ500 በላይ ነጋዴዎች ናቸው። በሬ፣ የጨው አሞሌና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር ይሄዳሉ። ሲደርሱ በእሾህ ያጥራሉ፣ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱንም እሾሁ ላይ ያደርጋሉ። የአገሩ ሰዎች ይመጡና የግብጦ ፍሬ የሚያክል ወርቅ የፈለጉት ነገር ላይ አስቀምጠው ራቅ ይላሉ። ባለ ሥጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ያኔ ባለ ወርቁ ይጨምራል ወይም ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ! ቋንቋ አይግባቡማ። መሄጃና መመለሻው በጠቅላላ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር።

ሳሱ የት ነው? ዓባይ ዳር ያለውን የፋዞግሊና የቤኒሻንጉልን አካባቢ፣ ማለትም የወለጋን ምዕራባዊ ደጃፍ፣ የሚጠቁሙ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። እኔን ከወርቁ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። ኮስማስ ነጋዴዎቹ ሲመለሱ የሚቸኩሉት ክረምቱ እንዳይደርስባቸው ነው ይላል፤ በዚያ አገር ከኤጲፊ (የእኛው ሐምሌ ነው) ጀምሮ ሦስት ወር ያህል በኃይል ይዘንባል፣ ብዙ ወንዞችም ይሞላሉ፣ ሁሉም ወደ ናይል ይገባሉ። ፈርዖኖቹ በዋሻ ሲፈልጉት የነበረውን መልስ አንድ የግብጽ ነጋዴ ከወርቅ ወሬ ጋር አብሮ ይዞት መጣ።

ከዚያ ብዙ ዘመን አልፎ ሙሐመድ አሊ፣ የግብጽ ገዢ፣ ጦሩን ላከ። በ1820 ተነስቶ በ1822 መጀመሪያ ፋዞግሊ የደረሰውን ጦር የመራው ልጁ ኢስማኢል ነው። የሚፈልጉት ወርቅና ለጦር የሚሆን ባሪያ ነበር። ወርቁ እንደታሰበው አልተገኘም። አባትየው አላመነም፤ በ1838 መጨረሻ፣ 70 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በረሃውን አቋርጦ ራሱ ፋዞግሊ ድረስ ሄዶ አየ። እሱም ባዶውን ተመለሰ ማለት ይቀላል። ወርቁ ነበር፣ ዛሬም አለ፤ ነጆ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ግን የሚገኘው በየጅረቱ አሸዋ ውስጥ ተበትኖ ነው፤ ገበቴ ይዞ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ለሚያጥብ ሰው እንጂ ለጦር ሠራዊት አይሰጥም። የባሪያው ፍለጋ ግን አልከሸፈም፤ ከዚያ ድንበር የተወሰዱትን ሰዎች ቁጥር የመዘገበ ሐውልት የለም።

በዚያው መንገድ የመጣ አንድ ሰው ግን ወደ ቤቱ ሊገባ ነበር የመጣው። ኦነሲሞስ ነሲብ ይባላል፤ እናቱ ያወጡለት ስም ሂካ ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሽጧል፤ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቷል፤ ስዊድን ሄዶ ተምሯል። በ1881 ከስዊድን ሚስዮናውያን ጋር ከቀይ ባሕር ዳር ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ካርቱም፣ ከዚያ ዓባይን ሽቅብ ይዞ በግብጽ ወታደሮች እጅ እስከነበረችው ፋማካ ድረስ ደረሰ። አገሩ ከፊቱ ነበር። ማለፍ አልተቻለም። ተመለሱ፤ የጉዞው መሪ አሬኒየስ በበሽታ ሞተ። ኦነሲሞስ ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው፣ በሌላ መንገድ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ። ይዞት የመጣው በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የተረጎመውን፣ በ1899 የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። በ1931 ነቀምቴ ላይ ዐረፈ።

አሁን ነቀምቴ ነን። የመጨረሻው ማረፊያችን የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው። የለቃ ነቀምቴ ገዢ የነበረው ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ ጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ያለ ጦርነት ገብሮ ግዛቱን አቆየ፤ ልጁ ኩምሳ ተተካ፣ ክርስትና ሲነሳ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፣ ደጃዝማች ሆነ። ለምኒልክ ግብር የሚልከው በወርቅና በዝሆን ጥርስ ነበር። ግቢው ዛሬ ይጎበኛል።

ስትገቡ እንደ ጊዛ ቀና ብላችሁ አትዩ። ዝቅ ብላችሁ የምሰሶዎቹን እግር እዩ። የእንጨት ሥራ ነው፤ መቶ ክረምት አልፎበታል። መቶ ጊዜ ሁለት ሜትር ዝናብ አስቡት። አቡ ሲምበልን ለማዳን ውሃው አንድ ጊዜ ነው የመጣው፣ ዓለምም አንድ ጊዜ ተረባርቦ ጨረሰ። እዚህ ውሃው በየሰኔው ይመጣል። ጣሪያው አንድ ክረምት ካፈሰሰ ቀጥሎ ያለው ክረምት ግድግዳው ላይ ነው፤ ድንጋይ ይቅር ይላል፣ እንጨት አይልም። የኹፉ ፒራሚድ ማንም ሳይጠብቀው 1,000 ዓመት ሊቆም ይችላል። ይህ ቤት ግን የቆመው በየጊዜው የሚያድሰው ሰው ስላልጠፋ ነው።

ከዚያ ቤት የተረፈ ሌላም ነገር አለ። ደጃዝማች ኩምሳ የተጻጻፋቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የአማርኛ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተዋል፤ የታሪክ ምሁሩ ተሰማ ታአ እና ጣልያናዊው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ አዘጋጅተዋቸው በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትመዋል። ስለ ግብር፣ ስለ ወርቅ፣ ስለ ሰዎች ክርክር። እንደ ሜሬር መዝገብ የዕለት ሥራ ወረቀቶች ናቸው። ልዩነቱ፣ የሜሬርን በረሃው ጠበቀለት፤ እነዚህን ግን በእርጥብ አገር፣ ሣጥን ከፍቶ እያናፈሰ፣ ከምስጥና ከፍሳሽ እያሸሸ ያቆየ ሰው አለ።

ተማሪዬን ዳግመኛ ካገኘሁት አንድ ሥራ እሰጠዋለሁ። አያቱ የተወለዱበት ቤት የቆመበትን ቦታ ይጠይቃቸው፤ ሄዶ ይየው። ቤቱ አይኖርም። ምናልባት የተለየ ጥቁረት ያለው አፈር፣ የሸክላ ስባሪ፣ በክብ የቆሙ የአጥር ዛፎች ይኖራሉ። ስፋቱን በእርምጃ ይለካ፣ የነገሩትን ይጻፍ፣ ወረቀቱንም ውሃ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጥ። ሰኔ ሳይገባ ቢሄድ ይሻላል፤ ከገባ ጭቃው አያስኬድም።